ፌሮ ይፈተናል፣ ጥርስ በወረቀት ያልፋል

ከአዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ በገላን አድርጎ ዱከም የገባ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው ፋብሪካ ነው። ብረት የሚያቀልጠው፣ ሲሚንቶ የሚፈጨው፣ ጫማ የሚሰፋው፣ መድኃኒት የሚያሽገው ሁሉ ቻይናውያን በገነቡት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥና በዙሪያው ተሰባስቧል። ከዚያ የሚወጣው ፌሮ አስገዳጅ የኢትዮጵያ ደረጃ የወጣለት ዕቃ ነው። ናሙናው ተቆርጦ ሁለት ጫፉ በማሽን ይያዛል፣ ቀስ እየተባለ ይሳባል፣ ይረዝማል፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ጮኾ ይበጠሳል። በየግንባታው የሚሞላው ኮንክሪትም ኪዩቡ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይጨፈለቃል። አንድ ተቋራጭ «ሲሚንቶው ስመ ጥር ፋብሪካ ያመረተው ስለሆነ ኪዩብ መስበሩ ይቅር» ቢል አማካሪ መሐንዲሱ ክፍያውን ይይዝበታል እንጂ ቁጭ ብሎ አይከራከረውም።

በዚያው መንገድ ዳር፣ ፎቅ ላይ፣ የጥርስ ክሊኒክ አለ። ሰው መንጋጋ ውስጥ የሚገባው የታይታኒየም ብሎን፣ ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር የሚያይዘው ማጣበቂያ፣ ካፑ የሚለጠፍበት ሲሚንቶ እዚያ በየመሳቢያው ተደርድሯል። ከወደብ እስከዚያ መሳቢያ የሚያደርሳቸው ወረቀት ነው፤ የአምራቹ የምስክር ወረቀት፣ የአውሮፓ ምልክት፣ የላኪው አገር ነፃ የሽያጭ ማረጋገጫ። ለምን እዚህ አይፈተኑም ብሎ ለጠየቀ ሐኪሙም፣ አስመጪውም፣ ተማሪውም፣ ገንዘብ ከፍሎ የተተከለለት ሰውም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ውጭ ተፈትኖ የመጣ ነው።» አንዳንዱ በመጠኑ ይቆጣል፤ ጥያቄው ራሱ የድህነት ወሬ ይመስለዋል።

ይህ መልስ ስህተት ነው። የውጭው ፈተና ሐሰት ስለሆነ አይደለም። ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለሆነ ነው።

ከኢምፕላንቱ ልጀምር። ዓለም የሚተዳደርበት የኢምፕላንት ጥንካሬ ፈተና አይኤስኦ 14801 ይባላል። ጨካኝ ፈተና ነው፤ ጭካኔውም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ኢምፕላንቱ አጥንትን በሚተካ ጠንካራ መያዣ ውስጥ ይተከላል፣ ግን እስከ አንገቱ አይቀበርም። አጥንት ከዓመታት በኋላ ወደ ታች እየሸሸ እንደሚሄድ ታስቦ 3 ሚሊሜትር ያህሉ ተራቁቶ ይቀራል። ከዚያም 30 ዲግሪ ዘመም ይልና ጫፉ ላይ ጭነት ይወርድበታል፣ ይነሣለታል፣ ደግሞ ይወርድበታል። ፈተናው በደረቅ ከሆነ በሰከንድ እስከ 15 ጊዜ እየተመታ 5 ሚሊዮን ይሞላል፤ የሰውነት ሙቀት ባለው ፈሳሽ ውስጥ ከሆነ በሰከንድ ከ2 ጊዜ ሳይበልጥ 2 ሚሊዮን ይሞላል። አንዱ ናሙና ሲሰበር ሌላው በቀነሰ ጭነት ይገባል፤ እንዲህ እየተወረደ ሳይሰበር የሚዘልቅበት ጭነት ይገኛል። ነገሩ የገባው ሰው ያስተዋለው እውነት አለ፤ ብረት የሚሰበረው አንድ ቀን በመጣ ከባድ ጭነት ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሰብረው ትንሹ ጭነት ሳይሰለች ሲመላለስበት ነው። የማኘክ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህን ፈተና ያለፈ ኢምፕላንት ምን ይጎድለዋል? ዕቃው ምንም ላይጎድለው ይችላል፤ የሚጎድለው የእኛ እውቀት ነው። አምራቹ የፈተነው ንድፉን ነው፤ ከዓመታት በፊት፣ ራሱ በመረጣቸው ናሙናዎች፣ ራሱ ከሠራው ማያያዣና ራሱ ከሠራው ብሎን ጋር አገጣጥሞ። የተፈተነው እንግዲህ ሙሉው ቅንብር ነው። በእኛ ገበያ ግን ኢምፕላንቱ ከአንድ አገር፣ በላዩ የሚቆመው ማያያዣ «ይገጥማል» ተብሎ ከሌላ አገር፣ ብሎኑ ከሦስተኛ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ይገጥማል የሚለው ቃል ለዓይን ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ክፍተት አለ፤ ክፍተት ባለበት ቦታ ማያያዣው ባኘኩ ቁጥር ይነቀነቃል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የላላ ብሎን ደግሞ ያልተዘጋጀለትን ጭነት መሸከም ይጀምራል። ለዚህ ቅንብር የተሰጠ ወረቀት የትም አገር የለም። የፈተነውም የለምና።

አንድ የኢምፕላንት ማሸጊያ እጄ ላይ አድርጌ አገላብጬ አይቻለሁ። ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው። ላዩ ላይ ዲያሜትሩና ርዝመቱ፣ የምርት ቡድን ቁጥሩ፣ የሚያልፍበት ቀን፣ በጨረር መጽዳቱን የሚያመለክተው ምልክት አለ። ከሥሩ ደግሞ ተልጠው የሚነሡ ትናንሽ ወረቀቶች አሉ፤ አንዱ ለሕመምተኛው ካርድ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ዲያሜትሩ 3.3 ሚሊሜትር ይላል። ጎኑ ከተቀመጠው 4.1 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል፤ ማንም ሰው «ያው ነው» ይላል። ግን ጠጣር ዘንግ ሲታጠፍ የመቋቋም አቅሙ የሚወሰነው በዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ነው፤ ሒሳቡ ሲሠራ ቀጭኑ የወፍራሙን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚችለው። ኢምፕላንት ደግሞ ጠጣር አይደለም፤ ብሎን እንዲገባበት ውስጡ ተፈልፍሏል። ስለዚህ ግድግዳው ምን ያህል ሳሳ፣ ብረቱ ንጹሕ ታይታኒየም ነው ወይስ ቅይጥ፣ ሐኪሙ ብሎኑን ያጠበቀበት መፍቻ በእርግጥ 30 ወይም 35 ኒውተን ሴንቲሜትር ሰጥቷል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ቅንጦት አይደሉም። መፍቻው በየቀኑ በእንፋሎት እየተቀቀለ ልኩን ሊስት ይችላል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው የደም ግፊት መለኪያ ልክነቱ ይጠየቃል፤ የመፍቻውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ናቸው። አይኤስኦ 14801 ገና ከጅምሩ፣ ይህ ፈተና ኢምፕላንቱ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ለመተንበይ አይውልም ይላል። የፈተናው ባለቤት ያላለውን የእኛ አስመጪ ይልለታል።

ወረቀትን ብቻ ማመን የት እንደሚያደርስ ደግሞ ዓለም በሚገባ ከፍሎ ተምሯል። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የጡት ኢምፕላንቱን ለኢንዱስትሪ በተሠራ ሲሊኮን ሲሞላ ዓመታት ቆየ። ዕቃው የአውሮፓ ምልክት ነበረው፣ የምስክር ወረቀቱንም የሰጠው ስሙ የተከበረ የጀርመን ተቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ ሲነሣ በብዙ አገሮች የሚኖሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ተሸክመውት ነበር። የተቋሙ መርማሪዎች ሰነዱን እንጂ ዕቃውን ከመጋዘን አንሥተው አልፈተሹም። ወደ መንጋጋ የቀረበው ታሪክ የአሜሪካው ቪቴክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ለተጎዳባቸው ሰዎች ቴፍሎን ያለበት መተኪያ ሸጠ፤ ፈቃዱን ያገኘውም ከዚያ በፊት ከነበረ ዕቃ ጋር ይመሳሰላል በሚል ነበር። ቁሱ የማኘክን ጭነት አልቻለም፤ እየተፈረፈረ አጥንት አስበላ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲሰበሰብ ሲያዝ ብዙ ሰው መንጋጋው ተበላሽቶ ነበር። በሁለቱም ታሪክ ማኅተሙ ሙሉ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶች ነገር ለፈረንጅም ይሠራል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ብሎን ነው። የክርክሩ እምብርት ግን ማጣበቂያው ላይ ነው፤ ሐኪሞቹ «ቦንድ» የሚሉት።

ቦንድ እንዴት እንደሚይዝ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1955 ቡኦኖኮሬ የተባለ የጥርስ ሐኪም የጥርስን ውጫዊ ሽፋን በፎስፎሪክ አሲድ ቢያጥበው ሙጫው ከበፊቱ በብዙ እንደሚይዝ አሳየ። አሲዱ የሽፋኑን ማዕድን በጥቂቱ ይበላና ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይከፍታል፤ ፈሳሹ ቦንድ እዚያ ይሰርጋል፤ በመብራት ሲደርቅ ሥሩን ሰዶ ይቀራል። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራው ነጭ ሙሌት፣ የፊት ጥርስ ልባስ፣ የጥርስ ማቃኛ ሽቦ መያዣ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አሲዱ ካልበላ ቦንዱ አይሰርግም፣ ካልሰረገ አይዝም።

አሁን ከዱከም ተነሥተን ወደ ታች እንውረድ። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን አልፈን ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይ ስንደርስ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። የዚህ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ የሚለውን ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች ነበሩ፣ አሉም። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ ስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ከከፈተ በኋላ ሠራተኛው ለዓመታት ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውኃ ሲጠጣ ኖሮ አንዳንዱ አከርካሪው እስኪገትር ደርሷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን ለዓለም አስረድተዋል። አጥንት ላይ የደረሰውን ያህል ሰው ያልተናገረለት ጥርስ ላይ የሚታየው ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፣ ይዥጎረጎራል፣ ሲብስም ይሸራረፋል።

የበለዘ ጥርስ ለዓይን ብቻ አይደለም የተለየው። ላይኛው ሽፋኑ በፍሎራይድ ስለጠነከረ አሲድን ይቋቋማል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ባለ ቀዳዳና ደካማ ነው። ለጤነኛ ጥርስ የሚበቃው የ15 ወይም የ30 ሰከንድ አሲድ እዚህ ላይበቃ ይችላል። ተመራማሪዎች የአሲዱን ጊዜ አስረዝሙ፣ ላዩን በስሱ ላጉት ይላሉ፤ ውጤቱ ግን እንደ ጉዳቱ መጠንና እንደ ቦንዱ ዓይነት ይለያያል። አሲድና ቦንዱን በአንድ ጠርሙስ አቀላቅለው የሚሸጡት ለስላሳዎቹ ዓይነቶች በዚህ ጥርስ ላይ ይበልጥ ያጠራጥራሉ።

የማጣበቂያ መፈተኛ ደንቡ ምን ይላል? አይኤስኦ 11405 ከ16 እስከ 40 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች የተነቀለ ጤናማ ጥርስ ይመርጣል፤ በምትኩም ከ5 ዓመት ያልበለጠ የከብት የታችኛው የፊት ጥርስ ይቀበላል። እንግዲህ በማስታወቂያው ላይ «25 ሜጋፓስካል» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የጤናማ ሰው፣ አንዳንዴም የበሬ ጥርስ ቁጥር ነው። ዱከም ክሊኒክ መጥታ «ፈገግ ማለት አፍራለሁ፣ ይህን ቡኒ ነገር ሸፍኑልኝ» የምትለው የመቂ ልጅ ቁጥር አይደለም። ክርክሬ ሁሉ እዚህ ይቋጠራል። ቦንድ ከማንም ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው፣ ወረቀቱ የማይመለከተው ሰው ነው። ልባሱ በስድስት ወሩ ቢነሣ ሐኪሙ ምራቅ ገብቶበት ነው ይላል፣ እሷ ሐኪሙ አይችልም ትላለች፣ አስመጪው ሁለቱም አጠቃቀም አያውቁም ይላል። ማን ልክ እንደሆነ አይታወቅም፤ የለካ የለም።

ኬንያውያን በስምጥ ሸለቆ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ያው ውኃ ያው ጥርስ ነው ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኦፒንያ እና ፓማየር የተባሉ ተመራማሪዎች በፍሎራይድ የተጎዱ የኬንያውያን ጥርሶችን በአሲድ አጥበው፣ አጣብቀው፣ በመጎተት ምን ያህል እንደሚይዙ ለክተው አሳትመዋል። አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። «ውጭ ተፈትኗል» የሚለው ሰው ውጭ ሲል ናይሮቢን አይጨምርም።

ከጥርሱ ሌላ ዕቃው የሚመጣበት መንገድም አለ። ቦንድ ሕይወት እንዳለው ነገር ይበላሻል። ብዙዎቹ በጥላ፣ ከ25 ዲግሪ በታች፣ አንዳንዶቹም በማቀዝቀዣ እንዲቀመጡ ተጽፎባቸዋል፤ አሲዳማዎቹ በውስጣቸው ባለው ውኃ ቀስ እያሉ ይፈርሳሉ፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥናቸዋል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በሐምሌ የቆመ ኮንቴነር ውስጥ ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሾፌር ይናገር። በሻንጣ ከገባ ደግሞ የሚናገርለትም የለም። ክሊኒክ ከደረሰ በኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ማቅጠኛው አሴቶን ወይም አልኮል ይተናል። ጠርሙሱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ጠብታው ይወፍራል፣ ብሩሹን ይጎትታል፤ እንደ ጭማቂ መፍሰስ የነበረበት ነገር እንደ ማር ይሳባል። ረዳቷ ታየዋለች፣ ግን 2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ጠርሙስ ስንት እንደገባ ታውቃለችና አትጥለውም። የማድረቂያው መብራት ጫፍም በደረቀ ሙጫ ተለብጦ ጉልበቱ ሲቀንስ ሙሌቱ ላዩ ይጠነክራል፣ ታቹ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በጥፍር ሲነካ ጠንካራ ነው፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። የውጭው ወረቀት ስለዚህ ሁሉ ምንም አይልም፤ ሊልም አይችልም።

በዚህ ላይ የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ኢምፕላንት የሀብታም ነው፤ ጥርሱ ታሞ የሚነቅልለት ያጣ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ ቅብጠት ነው» ይላል። ስለ ኢምፕላንት ብቻ ቢሆን ግማሽ እውነት ይኖረው ነበር። የድሃው ሙሌት ግን ግላስ አዮኖመር ነው፤ ዱቄትና ፈሳሽ በእጅ ተለውሶ ያለ መብራትና ያለ መሰርሰሪያ የሚሞላው። ይህ አሞላል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተወለደው ታንዛኒያ ውስጥ ነው፣ መብራት ለሌለበት ገጠር ተብሎ። ደረጃው ለመሙያነት የሚውለው ግላስ አዮኖመር ቢያንስ 100 ሜጋፓስካል ጭነት እንዲችል ይጠይቃል። ያን የሚችለው ግን ዱቄቱና ፈሳሹ በትክክለኛው መጠን ሲለወሱ ነው። ነርሷ እንዲለሰልስላት ፈሳሽ ስትጨምር ጥንካሬው ይወርዳል። ለዚህ ፈተና ትንሽ ሲሊንደር ሞልቶ መጨፍለቅ ይበቃል፤ ኪዩብ ከመስበር በመጠን እንጂ በሥራ አይለይም። ቅብጠት የተባለው ነገር መጀመሪያ የሚጠቅመው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተማሩት ነው የሚመጣው፣ ከበድ ይላል። «የላቦራቶሪ ቁጥርና አፍ ውስጥ የሚሆነው ነገር አይገናኙም» ይላሉ። ሐይንትዘ የተባለው ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን ጥናቶች አሰባስቦ ግንኙነቱ ደካማ መሆኑን ጽፏል። የሉቨን ዩኒቨርሲቲው ቫን ሜርቤክ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 ሲመልስ፣ ናሙናው ውኃ ውስጥ ቆይቶ ካረጀ በኋላ ከተፈተነ የተሻለ ይናገራል ብሏል። የአንዱ ላቦራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር እንደማይወዳደርም እቀበላለሁ፤ በሜጋፓስካል የሚፎክር ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ። ግን ይህ ተቃውሞ የሚመታው ማንን ነው? የውጭው ቁጥር እዚያው ውጭ ያለውን አፍ እንኳ በደንብ ካልተነበየ፣ የመቂን አፍ እንዴት ይተነብያል? እኔ የምፈልገው ፈተና ዘመን አይተነብይም። ያወዳድራል፤ በአንድ ማሽን፣ በአንድ እጅ፣ በዚሁ አካባቢ ጥርስ፣ ትኩስ የመጣውን ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ከከረመው ጋር። የተበላሸን ነገር ለመለየት ትንቢት አያሻም።

«ጥሩ ሐኪም ካለ ሌላው ትርፍ ነው» የሚሉም አሉ። ጥሩ ሐኪም በተበላሸ ቦንድ ቢሠራ ውጤቱ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ የሚወድቅ ሙሌት ነው።

የመጨረሻው የገንዘብና የመብራት ነው፤ ይህኛው ሒሳብ ይፈልጋል። በፈሳሽ ውስጥ በሰከንድ 2 ጊዜ እየመቱ 2 ሚሊዮን ለመሙላት 1 ሚሊዮን ሰከንድ፣ ማለትም 11 ቀን ተኩል ያለ ማቋረጥ ይፈጃል። ይህ አንድ ናሙና ነው። በደረቅ፣ በከፍተኛው ፍጥነት እንኳ 4 ቀን ይጠጋል። መብራት በሚሄድበት ቦታ ይህን እንጀምር የሚል ሰው ወይ ጄነሬተር ሻጭ ነው ወይ አላሰበበትም። ስለዚህ ከእሱ አይጀመር። የቦንድ ፈተና ግን ናሙናው አንድ ቀን ከማደሩ በቀር በደቂቃዎች ያልቃል። አይኤስኦ 29022 በሚለው መንገድ 2.38 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያላት ትንሽ የሙሌት ሲሊንደር በጥርሱ ላይ ትጣበቃለች፣ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አንድ ቀን ታድራለች፣ በደቂቃ 1 ሚሊሜትር በሚሄድ ስለት ከጎን ትገፋለች። 20 ሜጋፓስካል የሚባለው ቁጥር በዚያች ስፋት ላይ 89 ኒውተን፣ ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው። ይህን ለመጫን ግዙፍ ማሽን አያስፈልግም። እንዲያውም ግዙፉ አይረባም፤ ፌሮ የሚበጥሰው ማሽን 9 ኪሎን በቅጡ አያየውም። የሚያስፈልገው ትንንሽ ኃይል የሚያነብ መለኪያ፣ አንድ መያዣ፣ የሞቀ ውኃ ሣጥን፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የመብራት ጉልበት መለኪያና የተነቀለ ጥርስ ነው።

አልቻልንም እንዳይባል፣ ችለን እናውቃለን። ኤችአይቪ በከፋበት ዘመን ኮንዶም በወረቀት ብቻ ይለፍ ያለ አልነበረም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላቦራቶሪ ኮንዶምን በአየር ነፍቶ እስኪፈነዳ ይፈትሻል። ያም ከውጭ የመጣ፣ ማኅተም ያለው፣ ውጭ የተፈተነ ዕቃ ነው። የሕክምና መሣሪያንም ይኸው ባለሥልጣን እንዲቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን ሰጥቶታል። የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለ፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፣ የስነ ልክ ኢንስቲትዩት አለ፣ የአክሬዲቴሽን አገልግሎት አለ። አራት ተቋም ገንብተን ጥርስን የረሳነው ጥርስ ስለማይገድል ይመስለኛል። በተሰበረ ኢምፕላንት ሰልፍ የወጣ ሰው የለም።

መፈተኛው ለምን በዱከም አካባቢ ይሁን ካላችሁ፣ ቦታው ራሱ ይመልሳል። በአንድ ወገን ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላው ወገን የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ሁለቱም ስለ ቁሶች ጥንካሬ ያስተምራሉ። ዱከም መካከላቸው ነች። ዙሪያዋን ብረት የመጎተት ልማድ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ። ከታች በኩል ስምጥ ሸለቆው፣ ከላይ በኩል አስመጪው የተቀመጠበት አዲስ አበባ። ማሽኑ የትኛውም ግቢ ቢቀመጥ ግድ የለኝም፤ ጥርሱ ግን ከዚህ መስመር ይሰብሰብ። ዛሬ የሚነቀለው የበለዘ ጥርስ ከጥጥና ከመርፌ ጋር ተቃጥሎ ይጠፋል። ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ታጥቦ፣ በግማሽ ፐርሰንት ክሎራሚን ቢበዛ አንድ ሳምንት፣ ከዚያም በተጣራ ውኃ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ፣ ያደገበት ከተማና ዕድሜው ተጽፎበት ቢላክ ለስድስት ወር ያህል ለፈተና ይሆናል። ከዚያ በላይ ከቆየ ደንቡ አይቀበለውም፤ ስለዚህ ማጠራቀም ብቻ ሳይሆን ቶሎ መሥራትም ይጠይቃል። የአዲስ አበባ፣ የጅማና የጎንደር የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ከሚበትኑ አሥር ጥርስ ይግፉ።

ከፈተናው ጎን መዝገብም ያስፈልጋል። ተመራማሪው ብራኔማርክ ስዊድን ውስጥ የመጀመሪያውን የታይታኒየም ጥርስ ለሰው የተከለው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሙያው ዓለም አምኖ የተቀበለው ግን በ1982 የቶሮንቶ ጉባኤ ላይ ነው። በእነዚያ 17 ዓመታት ውስጥ ያሳመነው የአገሩ ስም አልነበረም። ለማን፣ መቼ፣ ምን እንደተከለ መዝግቦ ስንቱ እንደቆመና ስንቱ እንደወደቀ ማሳየቱ ነው። ከማሸጊያው ሥር ያለችው ተልጣ የምትነሣው ወረቀት የዚያ ልማድ ቅሪት ነች። እሷን ካርድ ላይ መለጠፍ ሳንቲም አያስወጣም፤ ያልተለጠፈች ቀን የተሰበረው ብሎን ከየትኛው የምርት ቡድን እንደመጣ የሚናገር አይኖርም።

ወጪውን አስመጪው ይሸፍን። ከእያንዳንዱ የምርት ቡድን ጥቂት ጠርሙስና ጥቂት ብሎን በባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪ እጅ ከመጋዘኑ ይነሣ፤ አስመጪው መርጦ ያመጣው ናሙና አይቆጠርም። ውጤቱ ቢያልፍም ቢወድቅም ከነቡድን ቁጥሩ ለሕዝብ ይታተም። ስሜ ጠፋ የሚል ኩባንያ ካለ ሁለተኛ ናሙና በራሱ ወጪ ያስነሣ፣ የራሱን ባለሙያ ይዞ ይምጣ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ይይ።